ስም እንዳይሰረዝ
(ስለ ቄስ ፕሮፌሰር ጆን ምቢቲ የሥራ ዘመን በዕድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)




 ካለፈው ጉባኤ ወዲህ ከመካከላችን የተለዩንን ወገኖች ነፍስ ይማርልን፤ ለቤተሰቦቻቸው መጽናናቱን ይስጥልን።

ኮሚቴው በዛሬው ጉባኤ ላይ ጥቂት እንድንናገር በጠየቀን ጊዜ፣ «እኛ ምን ዕውቀት አለንና ነው የምንናገረው?» ብለን ነበር። እንደምታውቁት ትምህርታችን ከስድስተኛ ክፍል አላለፈም። ዕድሜያችንን የጨረስነው በመዝገብ ቤት ውስጥ ነው፤ ደብዳቤ ስንመዘግብ፣ ፋይል ስናወጣና ስናገባ ኖረን ጡረታ ወጣን። በዚህ ዕድርም በጸሐፊነት ብዙ ዓመት አገልግለናል። እንግዲህ የምናውቀው ነገር ቢኖር መዝገብ ነው። ዛሬም የምንደርሰው እዚያው መዝገብ ላይ ነው፤ ነገር ግን በአንድ ትልቅ ሰው የሕይወት ታሪክ በኩል ዞረን ስለሆነ ትዕግሥታችሁን እንለምናለን።

ነገሩ እንዲህ ነው። በዕቃ ቤታችን ውስጥ፣ ከትላልቆቹ ድስቶችና ከድንኳኑ ሸራ በስተኋላ፣ አንድ የእንጨት ሣጥን አለ። በውስጡ የጥንቶቹ የአባላት መዝገቦች ተቀምጠዋል፤ አይጥ የበላቸው፣ ዝናብ የነካቸው አሉ። ባለፈው የኮሚቴ ስብሰባ ላይ «አዲስ ወንበር ስለተገዛ ቦታ ጠቧል፤ በእነዚህ መዝገቦች ያሉት ሰዎች ሞተዋል፤ ሒሳባቸውም ተዘግቷል፤ ስለዚህ ይቃጠሉ» የሚል ሐሳብ ቀርቦ ነበር። ሐሳቡን ያቀረቡት ወንድማችን ለዕድሩ ተቆርቋሪ እንጂ ክፉ አሳቢ አይደሉም። ውሳኔው ግን ለዛሬው ጠቅላላ ጉባኤ ተላለፈ።

ይህ በሆነ በሰሞኑ በአንድ ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ እያደርን ሳለን፣ የሥነ መለኮት ትምህርት የሚማር የሠፈራችን ልጅ ከጎናችን ተቀምጦ ነበር። ስለ መዝገቡ ጉዳይ ስናወራ ሰምቶ «ጋሼ፣ ይህንን ነገር እኮ አንድ የኬንያ ቄስ ጽፈውበታል» አለን። ከዚያች ሌሊት በኋላ እሑድ እሑድ ከቤታችን እየመጣ የቄሱን መጽሐፍ ወደ አማርኛ እየመለሰ ያነብልን ጀመር፤ እኛም በደብተር እየጻፍን አንድ ክረምት ሙሉ ተማርን። ዛሬ የምናቀርብላችሁ ከዚያ ደብተር የተውጣጣ ነው። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ እናሳስባለን።

ቄስ ፕሮፌሰር ጆን ሳሙኤል ምቢቲ የተወለዱት በጎረቤታችን በኬንያ፣ በኪቱዪ አውራጃ፣ ሙላጎ በሚባል ስፍራ ህዳር 30 ቀን 1931 ነው። ነገዳቸው አካምባ ይባላል፤ ቋንቋቸውም ኪካምባ። ምቢቲ ማለት በዚያ ቋንቋ ጅብ ማለት ነው። ሰው ልጁን ጅብ ብሎ ይጠራል ወይ ትሉ ይሆናል። በአካምባ ዘንድ ልጅ እየሞተባቸው የተቸገሩ ወላጆች በኋላ ለሚወለደው እንዲህ ያለ ስም የማውጣት ልማድ አላቸው፤ ሞት ንቆት እንዲያልፍ ነው። እኛስ ብንሆን ምትኩ፣ ካሳ፣ ማስረሻ የምንለው ለምንድን ነው? ከስሙ በስተጀርባ አንድ የተቀበረ ልጅ አለ አይደል? እንግዲህ የእኚህ ሰው ታሪክ ገና ከስማቸው ሲጀምር ሞትንና ስምን ያገናኘ ነው።

በናይሮቢ አጠገብ በሚገኘው በአሊያንስ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተምረው፣ ቀጥሎም ወደ ዩጋንዳ ወደ ማኬሬሬ ኮሌጅ ሄደው በ1953 ትምህርታቸውን ጨረሱ። በዚያን ጊዜ ኬንያም ዩጋንዳም በእንግሊዝ ቅኝ አገዛዝ ሥር ነበሩ። የተማረ ሰው እንግሊዝኛውን እንጂ የእናቱን ቋንቋ በማያስቀድምበት በዚያ ዘመን፣ ምቢቲ በ1954 በኪካምባ ቋንቋ አንድ የታሪክ መጽሐፍ አሳተሙ። ይህን ልብ በሉልን፤ መጨረሻ ላይ እንመለስበታለን።

ከዚያም ወደ አሜሪካ ተሻግረው በሮድ አይላንድ በሚገኝ ኮሌጅ ሥነ መለኮት አጠኑ። አገራቸው ተመልሰው ጥቂት ካስተማሩ በኋላ ወደ እንግሊዝ ሄደው በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ በ1963 የዶክትርነት ማዕረግ አገኙ። የጥናታቸው ርእስ የአዲስ ኪዳን የመጨረሻው ዘመን ትምህርት በአፍሪካ ሰው አእምሮ ዘንድ እንዴት እንደሚታይ የሚመረምር ነበር። በዚያው ዓመት በእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ቅስና ተቀብለው፣ ሴንት ኦልባንስ በሚባለው ከተማ በአንድ ደብር ውስጥ እስከ 1964 አገለገሉ። ዶክትርናውና ቅስናው በአንድ ዓመት መምጣቱ ለእኛ ትርጉም ያለው ነገር መሰለን። አንዱ ወደ መጽሐፍ ይጎትታል፣ ሌላው ወደ ሰው ደጃፍ ይጎትታል፤ እኚህ ሰው ከሁለቱ አንዱንም ሳይለቁ ኖረዋል።

እዚህ ላይ እርሳቸው ራሳቸው በጽሑፍ ያወጡትን አንድ ምሳሌ በራሳችን አነጋገር እናውጋችሁ። አንድ አፍሪካዊ ወጣት ለብዙ ዓመት በውጭ አገር ሥነ መለኮት ተምሮ ይመለሳል። ጀርመንኛውን፣ ግሪኩን፣ ዕብራይስጡን አውቋል፤ ዲግሪው ብዙ፣ የመጽሐፍ ሻንጣው ከባድ ነው። የአገሩ ሰው ሁሉ በደስታ ተቀብሎት ድግስ ተደግሶ፣ ሲጨፈር ሲበላ ሳለ አንዲት ሴት ጮኻ ትወድቃለች። ዘልሎ ሲሄድ እኅቱ ናት። በሞተች ዘመዳቸው መንፈስ ተይዛለች ይባላል። እርሱም «ሐኪም ቤት ውሰዷት» ይላል። ሐኪም ቤቱ ሩቅ ነው። ሕዝቡ ዞር ብሎ ያየዋል፤ «ይህን ሁሉ ዓመት የእግዚአብሔርን ነገር ተማርክ፤ በል እርዳት» ይለዋል። እርሱም ቡልትማን የሚባለውን የጀርመን ሊቅ መጽሐፍ ቢያገላብጥ፣ ሊቁ ስለ መናፍስት የተነገረውን ሁሉ የጥንት ሰዎች አፈ ታሪክ ነው ብሎ ዘግቶታል። እኅትየው መሬት ላይ ወድቃ ትጮኻለች።

ይህን ሲያነብልን ከልባችን ሳቅን፤ ከዚያም ሳቃችን አቆመ። ለምን ብትሉ፣ ምሳሌው የተማረውን ለመንቀፍ ብቻ የተጻፈ አይደለም። ቄስ ምቢቲ ያን ወጣት ያውቁታል፤ የውጭ አገር ዲግሪ ይዘው የተመለሱት እርሳቸውም ነበሩና። ጥያቄው ለራሳቸው ነበር፦ የተማርኩት ትምህርት ለወደቀችው እኅቴ ምን ይጠቅማታል? ከዚያ በኋላ የሠሩት ሥራ ሁሉ ለዚህ ጥያቄ መልስ ፍለጋ ይመስለናል።

በ1964 ወደ ማኬሬሬ ተመልሰው በመምህርነት ተቀመጡ፤ በኋላም ፕሮፌሰር ሆኑ። አሥር ዓመት ያህል አስተማሩ። በ1965 ስዊዘርላንዳዊት ሚስት አግብተው አራት ልጆች አፍርተዋል። በማኬሬሬ የአዲስ ኪዳንንና የአፍሪካን ነባር ሃይማኖቶች ትምህርት ይሰጡ ነበር። በዚያን ጊዜ ስለ አፍሪካ ሃይማኖት የተጻፈው አብዛኛው የፈረንጅ ሥራ ነው፤ ዛፍ አምላኪ፣ ጣዖት አምላኪ፣ ሙታን አምላኪ እያለ የሚዘልፍ ነበር። የሰጡት ትምህርት ተሰብስቦ በ1969 «የአፍሪካ ሃይማኖቶችና ፍልስፍና» በሚል ርእስ በእንግሊዝኛ ታተመ። በማግሥቱ በ1970 ስለ እግዚአብሔር በአፍሪካ ያለውን እምነት የሚተነትን ሌላ መጽሐፍ አወጡ፤ ለዚህኛው ወደ 300 ከሚጠጉ የአፍሪካ ሕዝቦች ምሳሌያዊ አነጋገሩን፣ ጸሎቱን፣ የአምላክን ስም ሁሉ ለቅመዋል። መዝገብ ቤት ለሠራን ሰዎች ይህ ምን ያህል ልፋት እንደሆነ ይገባናል።

ከዚህ ሁሉ ያገኙትም ትምህርት ባጭሩ ይህ ነው፦ የአፍሪካ ሰው ሚሲዮናዊው ከመምጣቱ በፊት እግዚአብሔርን በየቋንቋው ስም አውጥቶለት ያውቀው ነበር። ሚሲዮናዊው ይዞ የመጣው የኢየሱስ ክርስቶስን ወንጌል ነው እንጂ፣ ፈጣሪ በመርከብ ተጭኖ የመጣ አይደለም። ስለ እኛም አገር አንሥተዋል፤ ክርስትና በግብፅና በኢትዮጵያ ከጥንት ጀምሮ ስለኖረ የአፍሪካ የራሷ ሃይማኖት ሊባል ይገባዋል ብለዋል።

አሁን ወደ ጉዳያችን እንምጣ። በመጽሐፉ ውስጥ ስለ ጊዜ የተጻፈ ክፍል አለ። ቄስ ምቢቲ ከስዋሂሊ ቋንቋ ሁለት ቃላት ወስደዋል፤ አንደኛው «ሳሳ» ይባላል፣ ሁለተኛው «ዛማኒ»። ሳሳ አሁን ነው፤ ዛሬንና ገና ያልራቀውን ትላንትን፣ በቅርብ የሚመጣውንም ይይዛል። ዛማኒ ግን ሁሉ ነገር ገብቶ የሚያርፍበት ጥልቅ የዱሮ ዘመን ነው።

ታዲያ ሰው ሲሞት ወዲያው ወደ ዛማኒ አይገባም። የሚያውቁት፣ መልኩን የሚያስታውሱ፣ በስሙ የሚጠሩት ሰዎች በሕይወት እስካሉ ድረስ በሳሳ ውስጥ ይቆያል። እንዲህ ያሉትን ሙታን «ሕያዋን ሙታን» ብለው ሰየሟቸው። ይህም አራት አምስት ትውልድ ሊሄድ ይችላል። በስሙ የሚያውቀው የመጨረሻው ሰው ሲሞት ግን ያ ሟች ያን ጊዜ ፈጽሞ ከቤተሰቡ ይለያል፤ ስም የሌለው ይሆናል። ልጅ መውለድና ስም መሰየም ስለዚህ ትልቅ ነገር ነው፤ የሚያስታውስ ማፍራት ነውና።

ይህን ስንሰማ አንድ የቆየ ነገር ትዝ አለን። ዛሬ ብንናገረው ነውር የለውም። በጸሐፊነት በተመረጥንበት በመጀመሪያዎቹ ዓመታት፣ አባል ሲሞት ስሙን በቀይ ቀለም በማስመሪያ መሰረዝ ልማዳችን ነበር። ከመሥሪያ ቤት ያመጣነው ሥርዓት ነው፤ የተዘጋ ፋይል በቀይ ይሰመርበታል። አንድ ቀን አንዲት ባሏ የሞተባት እናት ከሰባቱ በኋላ ገንዘቧን ልትቀበል መጣች። እኛና ገንዘብ ያዡ ጠረጴዛ ላይ መዝገቡን ዘርግተን እንድትፈርም አሳየናት። ማንበብ አትችልም፤ ነገር ግን የባሏን መስመር ታውቀዋለች፤ በየወሩ መዋጮ ስትከፍል በዚያ ላይ ነበር ጣቷን የምታሳርፈው። ቀዩን መስመር አየችና «ልጆቼ፣ እናንተም ሰረዛችሁት?» አለችን። ሌላ ቃል አልተናገረችም። አውራ ጣቷን በቀለም ነክራ አትማ፣ ገንዘቧን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ሄደች።

ከዚያ ቀን ወዲህ አልሰረዝንም። በስሙ ትይዩ «አረፈ» ብለን ቀኑን ብቻ እንጽፍ ጀመር። ለምን እንደተውነው ግን በቃል ማስረዳት አንችልም ነበር፤ ስሕተት መሆኑን ብቻ ነበር የምናውቀው። ይኸው ከስንት ዓመት በኋላ አንድ የኬንያ ቄስ ምክንያቱን ነገሩን። ያቺ እናት ያላት ነገር ይህ ነው፦ ባሌን ሞት ከቤቴ ወሰደው፤ እናንተ ደግሞ ከሳሳ አወጣችሁት።

ስለ እኚህ ሰው ስንናገር ምስጋና ብቻ ማቅረብ ተገቢ አይደለም። የተቃወሟቸው አሉ። ዩጋንዳዊው ባለቅኔ ኦኮት ፒቢቴክ፣ እነ ምቢቲ የአፍሪካን አማልክት የግሪክ ልብስ አልብሰው ለፈረንጅ ያቀርባሉ ብሎ ነቅፏል። ናይጄሪያዊው ቢያንግ ካቶ ደግሞ በ1975 ባወጣው መጽሐፍ ከዚህ በተቃራኒ፣ ለነባሩ እምነት ብዙ ቦታ ሰጥተው ወንጌሉን ያደበዝዛሉ ሲል ተከራክሯል። አንዱ ከቀኝ፣ ሌላው ከግራ ማለት ነው። ጋናዊው ፈላስፋ ክዋሜ ጄቼም በ1987፣ የአፍሪካ ሰው የሩቅ መጪ ጊዜ አሳብ የለውም የሚለውን የምቢቲን አነጋገር በአካን ሕዝብ ቋንቋ ማስረጃ አቅርቦ አፍርሶበታል።

በዚህ በመጨረሻው ነገር እኛም ከጋናዊው ጋር ነን። ምክንያታችንም ይኸው ዕድራችን ነው። ዕድር ማለት ምንድን ነው? ገና ላልመጣ ሐዘን በየወሩ የሚዋጣ ገንዘብ አይደለም ወይ? መቼ እንደሚሞት የሚያውቅ የለም፤ ሆኖም ሁሉም ይከፍላል፤ ያልከፈለም ይቀጣል። መጪውን ጊዜ የማያስብ ሕዝብ ዕድር አያቋቁምም። እንግዲህ ሊቅ ሁሉ ሁሉን አያውቅም፤ ከሊቅ የሚወሰደውን ወስዶ የሚቀረውን መተው የአንባቢ ፈንታ ነው።

ወደ ታሪካቸው እንመለስ። በ1974 ቄስ ምቢቲ በስዊዘርላንድ በጄኔቫ አጠገብ የሚገኘው የቦሴ ኢኩሜኒካል ተቋም ዳይሬክተር ሆኑ። ይህ ተቋም የዓለም አብያተ ክርስቲያናት ጉባኤ ነው፤ የእኛም የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ከ1948 ጀምሮ የጉባኤው አባል ናት። ከየአገሩና ከየቤተ ክርስቲያኑ የተውጣጡ ተማሪዎች በአንድ ቤት እየኖሩ በአንድ ማእድ እየበሉ የሚማሩበት ስፍራ ነው። እዚያ እስከ 1980 ሠሩ። ከአፍሪካና ከእስያ የመጡ መምህራንን ጠርተው ከአውሮፓውያኑ ጋር እኩል አነጋገሩ።

ከዚያስ ወዴት ሄዱ? አሁን የምንነግራችሁ ነገር እኛን ከሁሉ ይልቅ ያስደነቀን ነው። እንዲህ ያለ ስም ያተረፈ ሰው ወደ ሌላ ትልቅ ወንበር ይሄዳል ብለን ነበር። እርሳቸው ግን በ1981 በበርን ክፍለ ሀገር ባለችው በቡርግዶርፍ ከተማ የሰበካ ቄስ ሆነው ተቀጠሩ። እስከ 1996 ድረስ፣ አሥራ አምስት ዓመት! በጎን በበርን ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ ነበር፤ ዋና ሥራቸው ግን ይህ ነበር። የሰበካ ቄስ ሥራ ምን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን፤ ያጠምቃል፣ ያጋባል፣ የታመመ ይጠይቃል፣ ይቀብራል።

እስቲ አስቡት። ቀድሞ ፈረንጁ ነው ወደ አካምባ አገር ሄዶ የሚያጠምቀውና የሚቀብረው። አሁን የአካምባው ልጅ ስዊዘርላንድ ገብቶ በእነርሱ ቋንቋ የእነርሱን አሮጊቶች ይቀብራል። ዓለም ያነበበውን መጽሐፍ የጻፈ ሰው በአንዲት ትንሽ ከተማ ከቀብር ጉድጓድ አፋፍ ቆሞ የአንድ ገበሬ ስም ይጠራል። በዚያ በምሳሌው ላይ የወደቀችውን እኅት የረሱ አይመስለንም፤ ከመጽሐፍ ሻንጣው ይልቅ ወደ እርስዋ ቀርበዋልና።

አንድ ሥራ ግን ቀርቷቸው ነበር። በወጣትነታቸው በኪካምባ መጽሐፍ አሳትመዋል ብለን የለም? ከጡረታ በኋላ፣ በስተርጅና፣ አዲስ ኪዳንን ከጥንቱ ግሪክ በቀጥታ ወደ ኪካምባ መለሱ። ቀደም ሲል የነበረው ትርጉም አልበቃቸውም። ሥራው በ2014 ታትሞ ወጣ፤ ያን ጊዜ ዕድሜያቸው ከሰማንያ አልፎ ነበር።

በዚህ ላይ አገራችንን የሚነካ አንድ ነገር እናክል። ወንጌልን መጀመሪያ በኪካምባ ያሳተመው ክራፍ የሚባል ጀርመናዊ ነው። ይህ ሰው በ1839 ሸዋ ገብቶ በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን አንኮበር ተቀምጦ የነበረ ነው። በ1842 ከሸዋ ወጥቶ መመለሻ ሲከለከል በ1844 ሞምባሳ ወረደ፤ ከዚያም ወደ አካምባ አገር ዘልቆ በ1849 የኬንያን ተራራ ከኪቱዪ በኩል ሆኖ አየ። በ1850 የማርቆስን ወንጌል በኪካምባ አሳተመ። ከአንኮበር የተዘጋበት በር በኪቱዪ ተከፈተለት ማለት ነው። እንግዳው የጀመረውን ከ164 ዓመት በኋላ የአገሩ ልጅ አዲስ ኪዳኑን በሙሉ ራሱ ከግሪኩ መለሰው።

ቄስ ፕሮፌሰር ጆን ምቢቲ በጥቅምት ወር 2019 በ87 ዓመታቸው ዐረፉ። እነሆ በዛሬው ቀን በአዳራሻችን ስማቸው ተጠራ። በእርሳቸው ቋንቋ ከሳሳ አልወጡም ማለት ነው።

የተከበራችሁ አባላት፤

በመካከላችን ኦርቶዶክስ አለ፣ ሙስሊም አለ፣ ካቶሊክና ጴንጤ አለ። ከኮሚቴው አንድ ወንድማችን «የሞቱትን ስም በጉባኤ መጥራት በእኛ እምነት አይፈቀድም፤ ከሙታን ጋር መነጋገር ይሆናል» ብለው ሥጋታቸውን ገልጸውልናል። ሥጋቱ ክቡር ነው። ነገር ግን ቄስ ምቢቲም ይህ ጥያቄ ተነሥቶባቸዋል። የአፍሪካ ሰው ለሞተ አባቱ ጥቂት መጠጥ ማፍሰሱን ወይም ምግብ ማኖሩን ፈረንጆቹ «ሙታንን ማምለክ» ሲሉት፣ እርሳቸው «ይህ አምልኮ አይደለም፤ ቤተሰብነቱ አለመቋረጡን ማሳያ ነው» ሲሉ ተከራክረዋል። እኛ ደግሞ ከዚያም ያነሰ ነው የምንጠይቀው። መጠጥ አናፈስም፤ ጸሎቱንም እያንዳንዱ በየሃይማኖቱ በየቤቱ ያድርሰው፤ የሚዘክረው ይዘክር፣ ሰደቃ የሚያወጣው ያውጣ፣ የማያደርገውም አያድርግ። የምንለምነው ስም እንዲነበብ ብቻ ነው። ስም መጥራት ምስክርነት ነው፤ «ይህ ሰው በዚህ ሠፈር ኖሯል፤ መዋጮውን ከፍሏል፤ የጎረቤቱን ሬሳ ተሸክሟል» ማለት ነው።

ሽማግሌዎች ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይላሉ። ቄስ ምቢቲም ዋናው ትምህርታቸው ይኸው ነው፤ አንድ ሰው ብቻውን ሰው አይሆንም፣ ሰው የሚሆነው በወገኖቹ መካከል ነው። ይህንን ለዕድርተኛ ማስረዳት ለቀባሪ ማርዳት ይሆንብናል። ነገር ግን ወገን ስንል ዛሬ በዚህ ወንበር ላይ የተቀመጥነውን ብቻ ነው ወይ? የመጀመሪያውን ድንኳን የገዙት፣ ጥሩምባውን የነፉት፣ ንፍሮውን የቀቀሉት፣ በዝናብ ቃሬዛ የተሸከሙት እነማን ናቸው? በዚያ ሣጥን ውስጥ ያሉት ናቸው። ልጆቻቸው ከሠፈር ርቀዋል፤ አንዳንዶቹም ዘር አልተኩም። ምናልባት ስማቸው በዓለም ላይ ተጽፎ የቀረው በዚያ አይጥ በበላው ወረቀት ላይ ብቻ ይሆናል። እርሱን ካቃጠልን ወደ ዛማኒ የሸኘናቸው እኛ ነን።

ስለሆነም ለጉባኤው የምናቀርበው አሳብ የሚከተለው ነው።

አንደኛ፣ አሮጌዎቹ መዝገቦች ከመቃጠላቸው በፊት በውስጣቸው ያሉት ስሞች ሁሉ ካረፉበት ቀን ጋር በአንድ ወፍራም አዲስ መዝገብ ላይ ይገልበጡ። ቦታ ጠበበ ለሚለው መልሱ ይህ ነው፤ አንድ መዝገብ ወንበር አያስወጣም።

ሁለተኛ፣ በየዓመቱ ጠቅላላ ጉባኤ ሲከፈት ከዚያ መዝገብ ውስጥ ስም ይነበብ። ሁሉም በአንድ ቀን ከተነበበ ስለሚረዝም፣ በየዓመቱ ጥቂት ገጽ ይበቃል።

ሦስተኛ፣ ከእንግዲህ በዕድራችን መዝገብ በቀይ ቀለም የሚሰረዝ ስም አይኑር።

የመገልበጡን ሥራ በተመለከተ ዕድሩ ወጪ አይኑርበት። ከደብተሩ ዋጋ በስተቀር እኛ በነፃ እንሠራዋለን፤ ዓይናችን ቢደክምም እጃችን ገና አልተንቀጠቀጠም። ያ የሠፈራችን ልጅም በትርፍ ጊዜው ሊያነብልን ቃል ገብቷል። አይጥ የበላውን ስም ለመሙላት ግን የእናንተ የሽማግሌዎቹና የእናቶች ትዝታ ያስፈልገናል። «ያ ቤቱ ከወንዙ ማዶ የነበረው ማን ይባል ነበር?» ብለን ከደጃችሁ ስንመጣ አትሰልቹን፤ ቡናም ካለ አትከልክሉን።

ያቺ ጣቷን በቀለም ነክራ የፈረመችው እናት ዛሬ በሕይወት የለችም። የእርስዋም ስም በመዝገቡ አለ፤ የባሏ ስም ካለበት ገጽ ሁለት ቅጠል አልፎ። ጉባኤው ከፈቀደ፣ የመጀመሪያው ቀን የሚነበቡት ሁለቱ ስሞች የእነርሱ እንዲሆኑ እንለምናለን። ቀዩን መስመር ማጥፋት ባንችል፣ በላዩ ላይ እናንብብበት።

 ያረፉትን ነፍስ ይማር፤ ለቀረነውም ዕድሜና ፍቅር ይስጠን።